አስተርጓሚው ዝም ያለ ማታ

ደሴ፣ ክረምት፣ ጦሳ ጉም ተከናንቦ የተኛ ዕለት፣
ሃምሳ ሳንቲም ከፍለን ገባን፣ ሰኞ ገበያ፣ ጦይብ ቪዲዮ ቤት።
አግዳሚው ርጥብ ነው፤ የከረመ ካልሲ ይሸታል፤
ከጣራው ቀዳዳ ዝናቡ ጀሪካን ውስጥ ጠብ ይላል።
ቴሌቪዥኑ ዳንቴሉን ለብሷል
(እናቱ ስለሠራችው ጦይብ አያወልቅለትም)፤
ከጎኑ፣ በርጩማ ላይ፣ ማይክሮፎን የጨበጠው ወሰኑ፣
አስተርጓሚያችን።

ለወሰኑ ሕንድ ሆነ ቻይና ልዩነት አልነበር፤
የማያውቀውን ቋንቋ ሁሉ ባማርኛ ያስነግር።
ቻይናው ጡጫውን ሰብቆ በወሎ ቃና ሲፎክር፣
የሕንዷ እናት ልጇን አቅፋ «አብሽሪ!» ስትላት፣
ውሸቱን እያወቅን፣ ወደን እንከፍል ነበር።

የዚያን ለት ካሴት ግን ስም አልነበረውም።
ካሰብ የመጣ ሹፌር ነው የጣለው፣ በሻይ ዕዳ።

አንዲት ሴት ማንኪያ ትቆጥራለች።
ሰባት። ደግማ፣ ሰባት።
ስምንተኛው ይተነፍሳል።
ደረጃ ትወርዳለች፤ ደረጃው ያልቅና
ያው ወጥ ቤት፣ ያው መብራት፣ ያው ማንኪያ ይጠብቃታል።
ባሏ ግድግዳ ላይ ጥላውን ይተኩሳል፤
ጥላው ሲግል ይጮኻል፣
ጩኸቱ ግን የሚወጣው በቧንቧው ነው።
አንድ ፈረስ መነጽሩን ሰክቶ ጋዜጣ ያገላብጣል።
ማንንም አይገርመውም።

እኛ ሳቅን። መጀመሪያ ሳቅን።
የሆጤ ልጆች ከኋላ አፏጩ፣ «ጦይብ! ገንዘባችንን!»
ከዚያ፣ መቼ እንደሆነ እንጃ፣ ፉጨቱ አለቀ፤
ሳቁም ጣት እንደፈጀ ክብሪት ተሽቀንጥሮ ወደቀ።

ደምስ ለምጃለሁ።
በግርግሩ ሰሞን መንገድ ዳር የተዘረጋ ሰው ተራምጄ
ዳቦ ገዝቼ ተመልሻለሁ።
ይኼ ግን ደም የለው፣ ጩቤ የለው፣ ጂኒ እንኳ የለው፤
ወጥ ቤት ነው። ማንኪያ ነው።
ስሙን ብጠራው ይሸሸኝ ነበር፤
ስም የለው።

ወሰኑ ጥቂት ታገለ፦
«ሴትዮዋ... ማንኪያ ጎደለብኝ ነው የምትል...
ባልየው ደሞ...»
ከዚያ ማይክሮፎኑ ትንፋሹን ብቻ አሰማን።
ሴትዮዋ ወደኛ ዞረች።
ረጋ ብላ፣ አጥር ላይ እንደተደገፈች ጎረቤት፣
ረጅም ነገር ተናገረች።

«ምን አለች? አንተ ወሰኑ! ምን አለች?»

«እናንተን አይደለም» አለ።
ማይክሮፎኑን ጭኑ ላይ አስተኛው።
«እኔን ነው የምትጠይቀኝ።»

መብራት ሄደ። ደሴ ነውና ማንም አልደነቀውም።
የሚደንቀው፣ ማንም አልተነሳም።
አርባ ሰው ጨለማው ላይ አፍጥጦ
ጀሪካኑ ጠብ፣ ጠብ፣
ሳላስበው ቆጠርኩ፣
ሰባት ላይ ጆሮዬን ያዝኩ።

ቤታችን ቧንቧ ውሃ ነው።
ዕድሜ ልኬን የጠራሁትን የሰፈሬን ስም
የዚያን ሌሊት ገና ሰማሁት።
እህቴ ሉባባ ሾርባ አቆይታልኝ ነበር፤
ማንኪያ ስታቀብለኝ፣ «ይቅር» አልኳት፣
ከነሳህኑ ጨለጥኩት።

ወሰኑ ከዚያ ወዲያ አልተረጎመም።
ኮምቦልቻ ወርዶ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ሚዛን ላይ ተቀጠረ፤
ጦይብ ቪዲዮ ቤቱን ዘግቶ የባጃጅ ጎማ መሸጥ ጀመረ።

አምና መናኸሪያ አገኘሁት፣ ሸብቷል፤
ባለ ስስ ፌስታል፣ ሁለት ኪሎ ብርቱካን።
አፍሬ፣ ተሽኮርምሜ፣ ጠየቅሁት፦
«ያቺ ሴትዮ፣ ምን ነበር ያለችህ?»
ሳቀ። «እስካሁን አልመለስኩላትም'ኮ» አለና
ሚኒባሱ ውስጥ ገባ።

ሐረጎን የወጣ ጉም መስታወቱን አልብሶት፣
በማዶው ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤
ረጋ ብሎ፣ ረጅም ነገር፣ ወደኔ ዞሮ።
ሚኒባሱ ተነሳ።
የሚተረጉምልኝ ሰው ፈለግሁ፤
ረዳቱ ሒሳብ ይቆጥራል።