የማይቸኩል ውሃ

ከንጋቱ አሥራ ሁለት፣ ዊቺታ ፎልስ ከተማ፣
በአረጋውያን ቤት ሳል ነው የሚሰማ።
ሰባት ቁጥር ክፍል ዴልበርት ነቅቷል፤
የአልጋውን ራስጌ ቀና አድርጎታል፣
እጁን ዘርግቶልኛል፤ ውሃ ጠምቶታል።

ውሃ ግን ችኩል ነው፤ አያውቅም መጠበቅ፤
ከጉሮሮ ደጃፍ፣ መንታ መንገድ ሲዘልቅ፣
ግራውን በቀኙ ይለውጥበታል፣
ወደ ሳንባ ሾልኮ ትን ያሰኘዋል።
«ማነው ያነሣህ?» ስለው አይገባውም ቀልዱ፤
እዚህ ትንታ ትንታ ነው፣ የለውም ዘመዱ።

ስለዚህ አወፍራለሁ።
ልክ ሁለት ማንኪያ ነጭ ዱቄት ዝቄ፣
በሹካ መትቼ፣ ሰዓቴን ጠብቄ፤
ደቂቃ ሳይሞላ ውሃው ጠባይ ያዘ፣
እንደ ተመታ አብሽ ከበደ፣ ፈዘዘ።
ሽታም የለውም፣ ጣዕምም የለውም፤
ዴልበርት ይጠላዋል። እኔም አልፈርድበትም።
«ሙጫ ነው» ይለኛል፤ «ወረቀት ለጥፊበት!»
ጥርሱን ይገጥማል፣ ማንኪያ ሳስጠጋበት።

ትናንት ግን መነጽር ዓይኑ ላይ ሰክቶ፣
ከጣሳው ጀርባ ላይ ጣቱን አስጠግቶ፣
ደቃቁን ጽሕፈት ሲያነብ፣ አንዲት ቃል አግኝቶ
ቆመ።
«ጓር» አለ። ደግሞ «ጓር» አለ።
ሰማንያ ስምንት ዓመት ወርዶለት፣ ፊቱ ልጅ መሰለ።

ዘርቶት ኖሯል ለካስ፣ ከቨርነን በስተ ደቡብ፣
ጥጡ በድርቅ ሲሞት፣ ባንኩ ሲያንዣብብ፤
አሸዋ የማይንቅ፣ ዝናብ የማይለምን፣
የባቄላ ዘመድ ዘርቶ አለፈ ያን ዘመን።
«ማን በላው?» ስል ሳቀ። «ሰው መስሎሽ የበላው?
ነዳጅ ቆፋሪ ነው በጆንያ የወሰደው፤
ውሃ አወፍሮበት ዓለት ሊፈለቅቅ።
የተረፈው አይስክሬም ሆነ፤ ማን ይጠይቅ?»

ጣቱን አርጥቦ ዱቄቱን ነካ ነካ፤
አሟለጨው። «ይኸው፣ ጥሩው ዘር ነው ለካ፤
አራት መቶ ኤከር…» ነገሩን አልጨረሰ።
ኩባያውን ተቀበለኝ። አንድ ጉንጭ ቀመሰ።
ዋጠ።
ጠበቅሁ። ሳል የለም። ዳግመኛ ጎረሰ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ፣ እንደ ወትሮው ሁሉ፣
«ሙጫ ነው» ተባልኩኝ። አልለቀቀው አመሉ።
ብቻ የተረፈውን ልደፋ ስል፣ ፊቱን አዙሮ፣
«አትድፊው» አለኝ፤ «ዋጋው ጨምሯል ዘንድሮ።»