ፊልም አጣቢ

ከራስ መኮንን ድልድይ ሥር፣ ግንቡ ባለቀበት፣
ትርሲት ቦቲ አጥልቃ፣ ጭቃው ውስጥ እስከ ጉልበት፣
ቄጤማውን ከፊት፣ ፊላውን ከኋላ
ትተክላለች። ላቧን በክንዷ ጠርጋ፣ ቀና ብላ
“አባባ፣ ምን ያያሉ ሁልጊዜ ከዚያ ላይ?” ብትለኝ
“የእጄን ሥራ” አልኳት። ቀልድ መስሏት ሳቀችብኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣
ደረጃ ወርጄ፣ ጠዋት ማታ ጨለማ ስገባ፣
ቀይ አምፖል፣ ሦስት ሳፋ፤ በመቆንጠጫ ይዤ
ነጩን ወረቀት ከመድኃኒቱ ነክሬ፣ አጥቤ፣ ወዝውዤ፣
ከምንም ላይ ሙሽራ አወጣ ነበር፤ ቀጥሎ ሚዜ።
ለፓስፖርት የተኮሳተረ፣ ቆብ የደፋ ተመራቂ፣
ከመታወቂያው ተገልብጦ ለለቅሶ ቤት የሚያድግ ሟች፣ ዓይኑ ጠያቂ።
ማታ ሲሆን ሳፋዎቹን ከቧንቧው አፍ ደፋሁ፤
ቧንቧው ወዴት ይሄዳል ሳልል አረጀሁ።

የፎቶ ጥላ ብር ነው። ጥቁሩ ወረቀቱ ላይ ይቀራል፤
ከነጩ ላይ የተረፈው ታጥቦ ይወርዳል።
    ብር አይበረክትልኝም ብዬ ሳማርር የኖርኩት ሰውዬው፣
    ለካስ በየማታው ለወንዝ ያጎረስኩት ራሴው።

ትርሲት ብልቃጥ ይዛ ወጣች፣ የአራት ኪሎ ተማሪ፣
አጠገቤ ተቀመጠች፣ እንደ ታጋሽ አስተማሪ፦
“ቅጠሉን ሰንጥቀው ቢያዩት፣ ውስጡ የማር እንጀራ ነው፤
በዚያ ቀዳዳ አየር ይወርዳል፣ ትንፋሽ ላጠረው ጭቃ።
ሥሩ ላይ የሰፈሩ፣ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት
ያንን አየር እየተነፈሱ
የጋራዡን ዘይት፣ የሳሙናውን አረፋ፣ የእርስዎንም መድኃኒት
ይቦጫጭቁታል፣ ይፈጩታል፣ ቁራጩን ይበሉታል።”
“ብሩንስ?”
“ብር አይፈርስም፣ አባባ። ብር፣ እርሳስ፣ ክሮም አይፈርሱም።
ሥሩ ከቆዳው ጋር አጣብቆ ይይዛቸዋል እንጂ።”
“እስከ መቼ?”
“እስኪታጨድ።”
“ከታጨደ በኋላስ?”
ብልቃጡን ወደ ብርሃን አነሣች።
“ለከብት አይሰጥም” አለች። ቆይታ፣ “ለጉዝጓዝም።”

የፋሲካ ዋዜማ፣ ሰማዩ በቅጡ ሳይነጋ፣
ቄጤማ ቸርቻሪዋ እልፍነሽ ማጭድ ይዛ ወረደች፣ ጉዝጓዝ ፍለጋ።
“ተይ፣ አትንኪው!” ጮህኩ ከላይ። “ያ ሣር ብር አለበት!”
“ብር ካለበትማ ልጨደው እንጂ! ምን ላድርግ ቆሜበት?”

ወረድኩ፤ ጉልበቴ እያቃሰተ፣ ደረጃ በሌለው ቁልቁለት።
ጥፍሮቼን አሳየኋት፦ ዛሬም ቡናማ፣
ጠርዛቸው የጠቆረ፣ በሎሚም በኖራም ያልለቀቀ።
“ብሩ ይሄ ነው። ልጆች ዳዴ የሚሉት በዚህ ላይ ነው?”
ማጭዷን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።
ሄደች። ረግማኝ መሰለኝ፤ ገበያዋን ነው የዘጋሁት።

ከመቶ ሃያው ፊላ አሥራ ሰባቱ፣ ከቧንቧው አፍ ሥር ያሉቱ፣
ጫፋቸው ብርሃን እንዳገኘው ፊልም ተቃጥሎ ሞቱ።
የቀሩት ቆመዋል። ከወገብ በታች ጨለማ ክፍል ነው፤
አምፖል የለ፣ ሳፋ የለ፤
እኔ ከወረቀት ያጠብኩትን የቬሎ ነጭ፣ የጥርስ ነጭ፣
ሥራቸው ጨብጦ ይዟል፣ ማንም መጥቶ እስኪረከብ።

ትርሲት ለቅዳሜ አሥራ ሰባት ችግኝ ይዛ ትመጣለች።
“ቁጥርዎ ስንት ነው?” አለችኝ ትናንት፣ እግሬን እያየች።