የሥራ ልምድ

ፈቃድ ላወጣ ነው፤ ቅጹን እሞላለሁ፣
የስድስት ዓመት ልምድ በተራ ደርድሬያለሁ፦
የሞላሌ ትምህርት ቤት፣ የጫጫ ጤና ጣቢያ፣
የበሬሳ ዳርቻ የግንብ መደገፊያ፤
ፊርማ ያልጎደለው፣ ማህተም ያረፈበት።

አንዱን ግን ዘለልኩት።

ከደብረ ሲና በታች የቀበርኳት ቱቦ፣
ዲያሜትሯ ታውቆ፣ ንድፏ አምሮ ተስቦ፤
ግንበኛው አጥላባቸው ድንጋዩን ዳብሶ
«ክረምት ሌላ ወንዝ ነው» ቢለኝ ድምፁን አለስልሶ፣
ስሌቴን አሳየሁት።

በነሐሴ ሌሊት ቱቦዋ ከነመንገዱ፣
የእማማ ሽታዬ ማሽላ፣ አንድ ላይ ወረዱ።

ፈተናው ላይ መጣች፤ ጥያቄ አርባ ሦስት፦
«የቱቦ ስፋት በምን ይወሰናል?» ምርጫው አራት።
ከአራቱ አንዱም ግን «ግንበኛውን ጠይቅ» አይልም።
«ሐ»ን አጠቆርኩ። የሚያርመኝ
አጥላባቸው አይደለም።