የእርጥብ ቀን ልክ

ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ፣ የሰው ትከሻ የምለካበትን፣
በየወሩ መባቻ እለካለሁ የራሴን።
ሲደርቅ ወደ ጆሮዬ ይሸሻል፣
ሲርስ ጀርባዬን ይዳስሳል።
የቱ ነው እውነቱ? እላለሁ፤
ደብተሬ ላይ ግን ሁለቱንም እጽፋለሁ፦
«ሚያዝያ። ደረቅ፣ ሃያ ሁለት። እርጥብ፣ ሠላሳ ስምንት።
ጥቅልሉ የበላው፣ አሥራ ስድስት።»

ደግሞ ወዙ።
ጠዋት ታጥቤ ማታ ያበራል ግንባሬ እስከ ሥሩ፣
ትራሴ ያውቀዋል፣ ያውቀዋል የሻሼ ዳሩ።
የጅማ አየር እርጥብ ነው፣ ሰኔ ሲገባ ይብሳል፤
ሥሩ ይወዛል፣ ጫፉ እንደ ገለባ ይከሳል።
አንድ ራስ፣ ሁለት አገር፦
አናቴ የቦዬ ረግረግ፣
ጫፌ የነሐሴን ዝናብ ያላየ ጥግ።

ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ነው።
«ቅቤ!» ይላሉ እትዬ ወለቱ፣ «ለጋ ቅቤ፣ ሳምንት አታውርጂው።»
በቅባት ላይ ቅባት፦
በጎርፍ ላይ አዌቱን እንደ መልቀቅ ያለ ብልሃት።
አንዷ እሬት ትልካለች፣ አንዷ የተልባ ውሃ በጣሳ፤
መኪያ ከጸጉር ቤቷ በር ትጣራለች፦
«ነይ፣ በካውያ ላውጣሽ ከዚህ ሁሉ አበሳ።»

አንዴ ወጥቻለሁ።
ታናሼ ስትዳር፣ ጭሱ እየወጣ፣
ላባ ሲለበለብ የሚሸተው እየሸተተኝ፣
«ቻይው» አለች፣ ቻልኩ፤
ለአንድ ቅዳሜ ሉጫ ሆንኩ።
ፎቶው አለ፦ እኔን የመሰለች ሰው፣
ጸጉሯን ነፋስ የሚያነሳው።

ከዚያ ጥቅልሉ አልተመለሰም።
እየተሰበረ ወደቀ፣ ከስፌት መኪናዬ ሥር፣ ከደንበኛ ቀሚስ ላይ።
አንድ ቀን ከእጅጌ ጫፍ ክር መስሎኝ ሳብኩ፤
እኔው ነበርኩ።
በጨርቅ መቀሴ ቆረጥኩት እስከ ጆሮዬ፤
ያን ማታ አየኝና ዝም አለ አባዬ።

አባዬ መላጣ ነው፣ እንደ ተወለወለ ዋንዛ፤
አርባ ዓመት በርጩማ ጠርቦ ነው ይህን ቤት የገዛ።
የድሮ መታወቂያው ላይ ግን፣ በሃያ ሁለት ዓመቱ፣
ከፎቶው ጠርዝ ያልፋል ጥቅልል የሞላው አናቱ።

አንድ ሐሙስ፣ ዝናቡ የሂርማታን ገበያ በትኖ፣
«ነይ» አለኝ ከሥራው ቤት፣ አቧራ በአቧራ ሆኖ።
በደረቅ ጣውላ ላይ መላጊያውን ገፋ፤
ፍቅፋቂው ተሰባበረ፣ ዱቄት ሆኖ ጠፋ።
ትናንት የተቆረጠ እርጥብ ግንድ ላይ ገፋ፤
ተነሳ፣ ተጠቀለለ፣
ሳይበጠስ ክንድ አከለ፣
እግሬ ሥር ወድቆ ተንከባለለ።
«አየሽ» አለ፣ «ጥቅልል የሚወጣው ከእርጥብ ነው።
ደረቁን አትግፊው።»

ሌላ አልተናገረም። ሳምንት ቆይቶ
ሚዶ አገኘሁ ከመቀሴ አጠገብ፣
ዋንዛ፣ ጥርሱ ሰፊ፣ ጣት የሚያሳልፍ።

ከዚያ ወዲህ፣
እሑድና ረቡዕ እታጠባለሁ፣ ሳሙናው ለሥሩ ብቻ፤
ጫፉን አረፋው ሲወርድ ይንካው፣ አይሻም ፍትጊያና እሽታ።
በእርጥቡ አበጥራለሁ፣ ከታች ጀምሬ ወደ ላይ፣
ቋጠሮን በትዕግሥት እንደሚፈታ ሰው፣ ሳልቸኩል ሳልጎትት።
ማታ የምጠቀልልበት ከሚዜ ቀሚስ የተረፈ ሳቲን ነው፣
ወይን ጠጅ፤ ባለቤቷ ትርፉን አልጠየቀችኝም።
ወዙም አልጠፋም። ይመጣል በሦስተኛው ቀን፣
እንደ ዘመድ፤ በሩን አልዘጋበትም፣ አልጋዬን ግን አልለቅም።

ዘንድሮ ሚያዝያ፣ እጄ ከኋላ አልደርስ ቢለው፣
ሜትሩን የያዘው አባዬ ነው።
መነጽሩን አውልቆ፣ አፍንጫውን ወደ ቁጥሩ አስጠግቶ፣
«ደረቅ፣ ሠላሳ» አለ። አረጠብኩት። «እርጥብ፣ ሃምሳ ሁለት።»
መዳፉን አየው፤ ወዝቷል።
«የኔም እንዲህ ነበር» አለ፣ ለኔ ይሁን ለመዳፉ እንጃ።

ደብተሬን ተቀበለኝ።
በአናጢ እርሳሱ፣ በወፍራሙ፣
«የበላው» የሚለውን ሰረዘና
«ያቆየው» ብሎ ጻፈ፣ «ሃያ ሁለት።»
ከዚያ ለመላጣው ባርኔጣውን ደፍቶ
ወደ ዝናቡ ወጣ።