«ምክንያት» የሚለው ዓምድ

ሌርዊክ መርከብ ጣቢያ፣ ከመስታወቱ ኋላ፣
ትኬት እቆርጣለሁ ጉንጬ እንደቀላ።
ያየኝ ሁሉ ይገምታል፤ አንዷ «አልቅሳ ነው»፣ አንዱ «ጠጥታ ነው»፣
ዓሣ አውራጁ ደግሞ «ቁጣ ነው፣ ቁጣ ነው!»
እኔ ግን አልጠጣሁ፣ አልተቆጣሁ፣ አላለቀስኩም፤
ከጠዋት ገንፎ በቀር ምንም አልቀመስኩም።

«ሆድ ይፍጀው» ይባላል፤ ሆድማ ይፈጃል፤
ፊት ግን ያላወቀውን ባደባባይ ያውጃል።
ደም ግባት አላት ይሉኝ ነበር ልጅ ሳለሁ፤
ደሙስ ገባ፣ እሺ፤ መውጫው ወዴት ነው እላለሁ።

ሦስት ዓመት ሲሆነኝ ዶክተር ሙንሮ አየችኝ በመነጽር፤
ጫን አርጋ ለቀቀች፤ ነጣ፣ ተመለሰ እንደ ነበር።
ስም ሰጠችው፤ የጽጌረዳ የአክስት ልጅ የሚመስል ስም።
«ምክንያቱስ?» አልኳት። «እሱን እንኳ አናውቅም።»
ቅባት ጻፈችልኝ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣
ደብተርም ሰጠችኝ፣ እንድጽፍ እንደ ኑዛዜ።
ሦስት ዓምድ አሰመረች፦ ቀን። የቀመስሽው፣ የነካሽ። ምክንያት።
«ሁለቱን አንቺ ሙዪ፤ ሦስተኛው ይመጣል በትዕግሥት።»

ሰኞ። ትኩስ ሻይ። ነደድኩ።
ማክሰኞ። ሻዩን ተውኩት፣ በውሃ ዋልኩ። ነደድኩ።
ረቡዕ። እህቴ የሠራችው የሱፍ ሻርፕ። አንገቴን ብቻ በላኝ።
ሐሙስ። ፀሐይ ወጣች፤ በሌርዊክ፣ በመጋቢት!
ሰው ሁሉ ፊቱን ሰጣት፤
እኔ ፊት ነሣኋት።
ነደድኩ።
ዓርብ። ምንም። ማንንም አላየሁ፤ መጋረጃ ጋርጄ ተኛሁ።
ቅዳሜ ስነቃ ሁለት ፍም ትራሱ ላይ ጠበቀኝ።

አይብን ከሰስኩት፤ ቲማቲም፣ በርበሬ፣ ብርቱካን ሳይቀር አሰርኩ፤
ሁሉም በነጻ ወጡ፤ እኔ ፊቴን ይዤ ታሰርኩ።
አረንጓዴ ቅባት አለ፣ ቀዩን ይውጣል ተባልኩ፤
ተቀባሁት፤ የታመመ ባሕር መሰልኩ።

ሌሊት ከፍሪጅ ውስጥ ሁለት ማንኪያ አወጣለሁ፣
አንዱን በዚህ ጉንጭ፣ አንዱን በዚያ፣ ጨለማ ውስጥ እቀመጣለሁ።
ማንኪያው ይሞቃል እንጂ ጉንጬ አይቀዘቅዝም፤
እንዲህ የሚሠራ ምድጃ ቤቴ ውስጥ እንኳ የለኝም።

አንድ ሕፃን አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ፣
«ማን አሳፈረሽ?» አለኝ፣ ከእናቱ ክንድ አልፎ።
እናቱ ቀላች፤ ለአፍታ እኔን መሰለች።
ሳቅሁ። «ልጄ፣ ሰውን ሁሉ አሳፍሬ እኔ የቀረሁ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ማንም ሳያሳፍረኝ እዚሁ አለሁ።»

ማታ ደብተሩን ከፈትኩ። ሕፃን የሚል ቦታ አጣሁ።

ማክሰኞ። ጊልበርት፣ ገመድ ጎታቹ። ለብሬሴይ፣ ደርሶ መልስ። ነደድኩ።
ማክሰኞ። ጊልበርት። ሳንቲም ወደቀበት፣ ጎንበስ አለ፤
እጁ ከእኔ ጉንጭ ይልቅ ቀይ ነው፤ ማንም አይጠይቀውም። ነደድኩ።
ማክሰኞ። ጊልበርት አልመጣም። ነደድኩ።

ዶክተር ሙንሮ ገለጠች፣ ገለጠች፣ ብዕሯን አቆመች፤
«ይኼ ጊልበርት... ምግብ ነው?» አለች።
አፌ ዝም አለ። ፊቴን ግን ማን ዝም ያሰኘዋል?
አየችው፣ አየችው፤ «ቅባቱን ቀጥዪ» አለች፤ «ይረዳል፣ ይመስለኛል።»
ሦስተኛውን ዓምድ ሳትነካው መለሰችልኝ።

ማክሰኞ። ዝናብ። መስኮቱን ለሌላ ሰው ሰጥቼ ትኬት ቆረጥኩ፤
ሰባት ደቂቃ ለሆነ ባሕር፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ራሴን አሳፈርኩ።
ነፋሱ ከፊት ለፊት ነው። ሻርፑን ቤት ረሳሁት።
ምክንያት፦