የማይዝግ

በፋሮ ደሴቶች፣ ሳንድቪክ ወደብ ላይ፣
ዝናብ በጎን እንጂ አይወርድም ከላይ።
ከጀልባ መጠገኛው፣ ከቆርቆሮው በታች፣
«ተርናን» ተጎትታ ግንድ ላይ ተኝታለች፤
ማዕበል ያልጣላት፣ ነፋስ ያልበገራት፣
ጣት የሚያህል ቡሎን፣ እሱ ነው ያሰራት።

ሃኑስ የፓምፑን ክዳን ሊፈታ ሲታገል፣
መፍቻውን ሲጫነው በሙሉ ክንዱ ኃይል፣
ቀጭ።
ራሱ ወለሉ ላይ፣ ገላው ውስጥ ቀረ፤
ሃኑስ አልተሳደበ፤ ትንፋሹን ቆጠረ።

ይህ ብረት አይዝግም። እውነት ነው፤ አይዝግም።
አብሮት የከረመን ግን እንዲሁ አይለቅም፤
ከአሉሚኒየሙ ጋር በጨው ተለውሶ፣
ነጭ ዱቄት አብቅሎ፣ ጥርስ ለጥርስ ተናክሶ።
ወንድሙ ሚክያል ነው ያኔ ያጠበቀ፤
አስራ አንድ ክረምት ቡሎኑም ጠበቀ።

በዚያው መኸር ነበር፣ ባባታቸው ርስት፣
ሥጋ በነፋስ በሚደርቅባት የሳንቃ ቤት፣
«የኔ ነች»፣ «የኔ ነች» ተባብለው የተለያዩት።
ጀልባዋን ግን ጋሩ፤ ሳምንት ለየራሱ፤
ከሰሌዳ ላይ ነው ጉዳይ የሚያደርሱ፤
«ናፍጣ ጨምር።» «መረቡ ተቀዷል።» ሌላ የለም።
ስም እንኳ አይጻፍም፤ ሰላምታም አይቀደም።

እኔ ለማጅ ነኝ፤ መብራት ያዥ፣ ዘይት አቅራቢ፤
በሁለት ዝም ባዮች መሃል አፍ የሌለኝ ታዛቢ።

ሃኑስ በመዶሻ ነጥብ መሃሉ ላይ አኖረ፤
ወደ ግራ የሚቆርጥ የኮባልት ፑንታ አሰረ።
«ስሚ ሲሳል፣» አለኝ፣ «ይሄ ብረት ኩሩ ነው፤
ላይ ላዩን ብታሺው መስታወት ነው የሚሆነው።
ፍጥነቱን ቀንሺ፤ ዝግ ብለሽ ተጫኚ፤
ከጀመርሽ ቁረጪ፤ ወላዋይ አትሁኚ።»
ስለ ብረት ነበር።
እንደዚያ መሰለኝ።

ግን የሚጫን ሰው አያይም ማዘንበሉን፤
ከጎን የቆመ ነው የሚያውቅ መቅናቱን።
«ቀና ነው» አልኩት፤ ዓይኔ ግን አላየ፤
ፑንታው ሸርተት ብሎ ከነጥቡ ተለየ፤
ለስላሳውን ግድግዳ ጫፉ ላይ ጫረው።
ሃኑስ አወጣው። ጠረገው። መልሶ አቀናው።

በሩ ላይ ሰው ቆመ። ዝናብ የጠጣ ቱታ።
ሚክያል። ጠመኔ ይዟል። አላለም ሰላምታ።
ሰሌዳውን ትቶ፣ ከጎን አጎነበሰ፤
አንድ ዓይኑን ጨፈነ፤ ጉንጩን በእጁ አበሰ።

«ወደ ላይ» አለ።

ትራፓኖው ቆመ።
ሃኑስ ዞር አላለም። ዝናቡ ብቻ ነበር።
ከዚያ የእጁ አንጓ ከፍ አለ፣ እንደ ጸጉር።

«በዛ። መልሰው። ግራ። እንደዚያው ያዘው።»
በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ ይኸው ነበር ወሬው።

ዘይት አፈሰስኩ፤ ጢሱ አፍንጫዬን ሰነጠቀኝ፤
መብራቱን የያዘው እጄም ተንቀጠቀጠብኝ።
ፍቅፋቂው ተጠቅልሎ፣ ረዝሞ፣ ሳይቆረጥ፣
ወጣ እንደ በግ ጸጉር፣ በሰኔ ሲሸለት።

ድንገት ፑንታው ነከሰ። ስባሪው ተንቀሳቀሰ፤
ሩብ ዙር፣ ግማሽ ዙር፣ ነጭ አቧራ እያፈሰሰ፣
በገባበት ጥርስ ላይ ወደኋላ ተፈትቶ፣
መዳፌ ላይ ወደቀ፣ ትኩስ፣ ዘይት ጠጥቶ።
አቃጠለኝ፤ አልጣልኩትም።
አንጸባረቀ፤ ልክ እንደ ትናንት። አልዛገም።

«ግራሶ ሳትቀባ ነው ያሰርከው» አለ ሃኑስ፣ ለግድግዳው።
ሚክያል ጠመኔውን በጣቱ አሽከረከረው።
«አዎ» አለ ቆይቶ። «ተናድጄ ነበር ያን ዕለት።»
ሳይጽፍ ወጣ። ሰሌዳው ባዶ አደረ፣ ያን ሌሊት።

በማግስቱ ተርናን ላይ አገኘሁ አንድ ጣሳ፣
ግራሶ ሞልቶበት፣ ሳይጎድል፣ ሳያንሳ።
የማን እንደሆነ ማንንም አልጠየቅሁ፤
ክዳኑን ብቻ ነው በእጄ የሞከርሁ፤
መፍቻ አላስፈለገም፤
በሁለት ጣት ነበር የተገጠመው።