አሥራ አምስት ከመቶ

ሐምሌ ጅማ ላይ ዝናብ ብቻ አይደለም የሚወርደው፤
ደረሰኝም ይወርዳል፣ ከየኪሱ፣ ከየመሳቢያው።
እርጥብ ደረሰኝ፣ አይጥ የቀመሰው፣
ቀለሙ ሸሽቶ ቁጥሩ ያነሰው።
እኔም በሂርማታ፣ ከጣውላ ቤቱ ጓዳ፣
ከመጋዝ ብናኝ ጋራ ሒሳብ የምቀዳ፣
በግብር ሰሞን ብቻ ስሜ የሚነሳ፣
«ጋሽ ደምሰው የት አለ?» የምባል፣ ከጳጉሜ በኋላ የምረሳ።

ዘንድሮ ሂክማ መጣች፣ የአባቷን ወንበር የወረሰች፣
ጃንጥላዋን ሳታጥፍ ከፊቴ ደረሰች።
«የአባ ተማምን አውጣልኝ፣ የጡረታ መዋጮውን፤
ፕሮቪደንት ፈንዱን፣ እኛ የምንከፍልለትን ድርሻውን።»
አወጣሁላት፦ አራት ዓመት፣ አንድ ገጽ የማይሞላ።
ሌላው ሃያ ስድስቱ የለም፤ ብናኝ ሆኗል እንደ ጣውላ።

«አባቴ አላስመዘገበውም» አለች፣ ዓይኗን ከመዝገቡ ሳትነቅል፤
«ወራሽ ዕዳም ይወርሳል። ሠላሳ ከመቶ ይሁን፣ እጥፍ ይከፈል።»

ብዕሬን አስቀመጥኩ። በየዓመቱ ይቺን ነገር ለማስረዳት
ምላሴ ሻክሯል፦ እስከ አሥራ አምስት ከመቶ ግብር የለበት፤
ከዚያ ያለፈችው ሳንቲም ግን ወደ ደመወዙ ትመለሳለች፣
እንደ ደመወዝ ትቆጠራለች፣ እንደ ደመወዝ ግብር ትከፍላለች።
ክልከላ አይደለም። ቸርነትሽን ማንም አልገደበም፤
ጣሪያው የግብሩ ነው። ከጣሪያው ውጭ የቆመ ግን ዝናብ አይቀርለትም።

ዝም አለች። ቆርቆሮው ላይ ሐምሌ ይንከባለላል።
«እና ሃያ ስድስቱ ዓመት፣ እሱ በየት በኩል ይገባል?»

ለዚያ ዓምድ የለኝም።
ቅጹ የሚጠይቀው ያለፈውን ወር ነው፣
ያለፈውን ዕድሜ አይደለም።

አባ ተማም በር ላይ ቆሞ ሰምቶ ኖሯል፣ በርጩማ በብብቱ፣
ባለሦስት እግር፣ ሙጫው ያልደረቀ፣ የጠዋቱ።
«ሂክማ፣ ሙጫ ስታበዢ ማጋጠሚያው የሚጠብቅ ይመስልሻል።
አይጠብቅም። ይፈስና እንጨቱን ያቆሽሽብሻል።
ልኩን ቀብተሽ፣ በገመድ አስረሽ፣ ሌሊቱን ትተዪዋለሽ፤
የሚይዘው ሌሊቱ ነው። እኔን ያጠረኝ ሌሊቱ ነው፤ ገባሽ?»
ከዚያ ሳቀ። ሳቁ እንዳልተላገ ጣውላ ነው፣ እጅ ይወጋል።

ተቀምጠን ሦስታችን አሰላን፦ አሥራ አምስቱ እስከ ጣሪያው፤
የቀረው ግብሩ ተነሥቶለት በእጁ፣ በየወሩ መባቻው።
«በእጄ ከሆነማ» አለ፣ «ዋንዛ እገዛበታለሁ፣ እርጥቡን፤
ከአልጋዬ ሥር ሦስት ዓመት ይተኛል። እኔም እጠብቃለሁ መድረቁን።»

በማግስቱ ገቢዎች ወረፋ ቆምኩ፣ አዌቱ ሞልቶ ሲያጓራ፣
ከፊቴ አንድ ባለ ሱቅ ስለ ቁርጥ ግብር ሲያወራ፣
ሲያወራ፣ ሲያወራ። መስኮቷ ደረሰችኝ። ማኅተሙ ከማረፉ በፊት
የልጅቷ ጣት ቆመ፦ «ይሄ ሰውዬ አሥራ አምስት ሞልቷል። ሌላው የምን ነው፣ ከምን የመጣበት?»
«ዕዳ ነው።»
«ዓምድ አለው?»
«የለውም።»
ማኅተሙን መታችው። ቀለሙ ግን እምብዛም አልያዘም።

ማታ ኮቺ፣ ከቤቴ፣ መብራት ሄዶ፣ በስልኬ ብርሃን
ገለጥኩት የራሴን ገጽ፣ ያንን ለሰው ብቻ የምገልጠውን።
የሰው ጣሪያ ስለካ ኖሬ
ወለሌን አየሁት ዛሬ፦
ስድስት ከመቶ። እስከ ጣሪያው ዘጠኝ ይቀራል።
ነገ ሂክማን «ሁለት ጨምሪልኝ» እላታለሁ።
ሙጫው እስከዚያ ይደርቅ ይሆናል።